ሲኒማ ሆኖ ተጀምሮ ቴያትር ሆኖ ያለቀው አዳራሽ

አርባ ምንጭ ወይም ጋሞ ደጋ ላይ ካላችሁ ዱቡሻን ታውቁታላችሁ፤ ሽማግሌዎች የሚመክሩበት፣ እርቅ የሚወርድበት አደባባይ ነው። ጣሪያ ስለሌለው ድምፅ ይሄዳል እንጂ አይመለስም። እስኪ ግድግዳና ጣሪያ ሥሩለት፤ ያኔ እያንዳንዱ ቃል ተመልሶ ይመጣል። የአዳራሽ ጣጣ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

አሁን አዲስ አበባ እንሂድ። የዛሬውን ብሔራዊ ቴያትር ሕንፃ የጀመሩት ጣሊያኖች ናቸው። በወረራው ዘመን «ሲኒማ ማርኮኒ» ሊያደርጉት አስበው ነበር፤ ሳይጨርሱት በ1933 ዓ.ም ተሸንፈው ወጡ። ጅምሩ የጠላት ሥራ ነውና ይፍረስ ማለት ይቻል ነበር። ግን አልፈረሰም። ፈረንሳዊው አርክቴክት አንሪ ሾሜት ንድፉን ቀየረው፤ በ1948 ዓ.ም፣ በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ 25ኛ ዓመት በዓል፣ «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴያትር» ተብሎ ተከፈተ። በአቅራቢያው የቆመው የድንጋይ አንበሳም የዚያው ዘመን ነው፤ የሞሪስ ካልካ ሥራ።

ሲኒማን ቴያትር ማድረግ ታዲያ ስም መቀየር ብቻ ይመስላችኋል? በሲኒማ ድምፅ የሚወጣው ከማጉያ ስለሆነ ግድግዳው ቢውጠው ይሻላል። ኦርኬስትራ ግን የግድግዳውን እርዳታ ይፈልጋል።

ይህን በቁጥር ያሳየን የሐርቫርዱ ዋላስ ሳቢን ነው። በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ንግግር የማይሰማበትን አንድ አዳራሽ እንዲያስተካክል ታዘዘ። ከሌላ ቴያትር የወንበር ትራስ እያስመጣ ሌሊት ሌሊት ለካ፤ ትራሱ ሲበዛ ድምፁ ቶሎ ጠፋ። ቀመሩ ይኸው፦

የማስተጋባት ጊዜ (ሰከንድ) = 0.161 × የአዳራሹ ይዘት ÷ ጠቅላላ ድምፅ የመዋጥ አቅም

5,000 ሜትር ኩብ የሚይዝ አዳራሽ አስቡ። የመዋጥ አቅሙ 500 ካሬ ሜትር ቢሆን ድምፁ 1.6 ሰከንድ ያህል ይቆያል፤ ለሙዚቃ ደህና ነው። በእድሳት ጊዜ ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ተጨምሮ 800 ቢደርስ ወደ 1 ሰከንድ ይወርዳል። ለንግግር ግሩም፣ ለኦርኬስትራ ግን ደረቅ! ከውጭ ሲታይ ደግሞ አንድ ድንጋይ እንኳ አልተነካም።

ስለዚህ በከተማችሁ አሮጌ አዳራሽ ሊታደስ ነው ሲባል «ፊቱ ይጠበቃል ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። «ድምፁስ ተለክቷል ወይ?» በሉ። ለጊዜው ስልካችሁ ይበቃል፦ መሃል ላይ ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ፣ ቅዱት፣ አስቀምጡት። ከእድሳቱ በኋላ ያንኑ ድገሙ። ልዩነቱን ጆሯችሁ ይነግራችኋል።