ባቄላው አይገለበጥ

የሲያትል የጋራ አትክልት ቦታዎች የፀደይ ሥራቸውን የሚጀምሩት መጋቢት ውስጥ ነው፤ ለእኛ ሁዳዴ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባለመደቦቹ ሁሉ ይጠራሉ። መተላለፊያው ላይ የተከተፈ እንጨት ይነሰነሳል፤ የብስባሹ ክምር በጋሪ ይከፋፈላል። የራስን መደብ ማልማት ብቻ አይበቃም፤ ለጋራው ቦታም በዓመት የተወሰነ ሰዓት መሥራት ግዴታ ነው። በደቦ ላደገ ሰው ይህ ማብራሪያ አያሻውም።

ቦታዎቹ «ፒ-ፓች» ይባላሉ። ከተማዋ ሥራውን በ1973 እ.ኤ.አ. ስትጀምር የመጀመሪያው መሬት ፒካርዶ የሚባል ጣሊያናዊ ስደተኛ ቤተሰብ ያርሰው የነበረ ነው፤ ስሙም ከእነሱ ወጣ። አዛውንቶቻችን ይህን ሲሰሙ «ጣሊያን መሬት ሲሰጥ ገና ዛሬ ሰማን!» ይላሉ። አሁን በከተማዋ 90 ያህል እንዲህ ያሉ ቦታዎች አሉ። እኔ በምኖርበት በደቡቡ በኩል፣ በሬኒየር ሸለቆ፣ የእኛ ጎመንና ጤና አዳም ከላኦስና ከቬትናም ሰዎች ቅጠላ ቅጠል ጋር ጎን ለጎን ይበቅላል።

ብዙ ፈረንጅ ኢትዮጵያ ሲባል የሚታየው ሐሩር ነው። ጎረቤቶቻችን «የእናንተ አትክልት ይህን ብርድ ይችለዋል?» ይሉናል። የመንዝን ውርጭ የሚያውቅ ሰው ምን ብሎ ይመልስ? የሐበሻ ጎመንና ባቄላ የደጋ ሰብሎች ናቸው፤ የሲያትል ሚያዝያ ይስማማቸዋል። ቃሪያና በሶብላ ግን ሌላ ናቸው፤ ቤት ውስጥ መስኮት ሥር ችግኝ ሆነው ይቆዩና ሌሊቱ ሲሞቅ፣ ግንቦት ከገባ በኋላ ይወጣሉ።

ያስቸገረን ዝናቡና የቀኑ ርዝመት ነው። ሲያትልን የዝናብ ከተማ ይሏታል እንጂ በዓመት የምታገኘው ከአዲስ አበባ ያነሰ ነው። ልዩነቱ ጊዜው ላይ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ሲያካፋ ይከርምና ሐምሌና ነሐሴ ደረቅ ይሆናሉ። አገር ቤት ገበሬ ዝናቡ እስኪገባ ይጠብቃል፤ እዚህ እስኪወጣ። ሁላችንም እማማ የምንላቸው የመንዝ ሴት በመጋቢት መሬቱን ዝም ብለው አካፋ አያስነኩትም፤ መጀመሪያ አፈሩን ጨብጠው ያዩታል። እንደ ሊጥ ከተጣበቀ «ገና ነው» ብለው ይሄዳሉ። ካልተፈረፈረ አይቆፈርም፤ እርጥቡን የቆፈረ ሰው በበጋ ጓል ይፈልጣል።

ቀኑ ደግሞ ሰኔ ላይ 16 ሰዓት ይደርሳል። አዲስ አበባ 13 እንኳ አይሞላም። ጎመኑ ቀኑ ሲረዝምበት ቶሎ ግንድ ያወጣና ቢጫ ያብባል፤ ቅጠሉም ይጠነክራል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ይዘራል፦ መጋቢት መጨረሻ ላይና ነሐሴ ላይ። እማማ ለዘር የሚያስቀሩት ከሁሉ ዘግይቶ ያበበውን ነው። ቸኩሎ ያበበውን ነቅለው ይጥሉታል፤ የአበባው ማማር አያታልላቸውም። የእሳቸው ዘር ዛሬ ከእጅ ወደ እጅ ሄዶ ብዙ መደብ ላይ ደርሷል። እኔ ከሱቅ ከሚመጣው እሱን እመርጣለሁ።

ዋናው ክርክር ግን ባቄላው ላይ ነው። እዚህ አገር ባቄላ በመከር ወቅት የሚዘራው ለመብል አይደለም፤ መሬቱን በብርዱ ወራት እንዲሸፍን ነው። ሥሩ ላይ ባሉት እብጠቶች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅን ከአየር ይይዛሉ። ከዚያ ሚያዝያ ላይ፣ ማበብ ሲጀምር፣ ታጭዶ አፈር ውስጥ ይገለበጣል። የቦታው አስተባባሪ ይህን ሲያስረዱ እያስተረጎምኩ ነበር። እማማ አቋረጡኝ።

«ያበበ ባቄላ ይገለበጥ አሉ? በላቸው፣ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለውን ሥራ በረዶ ነው የሚሠራው።»

አስተባባሪዋ ሳቁ፤ ነገር ግን አልተሸነፉም። ፍሬው እስኪያፈራ ከተጠበቀ አብዛኛው ናይትሮጅን ወደ ፍሬው ይሄዳል አሉ። እውነታቸውን ነው። የሸዋ ገበሬ ደግሞ ባቄላውን በልቶ በዓመቱ እዚያው ላይ ገብስ ሲዘራ የኖረ ነው፤ ይህም እውነት ነው። በመጨረሻ የጋራው መደብ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ይገለበጣል፣ ግማሹ ለእሸት ይቆያል።

ለጸሎተ ሐሙስ ጉልባን አይደርስም፤ ለእሱ ክኩን ከሱቅ እንገዛለን። እሸቱ የሚደርሰው ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። አምና ከቆየው ግማሽ አስተባባሪዋ ራሳቸው በላስቲክ ከረጢት ይዘው ሄዱ። እማማ ታዲያ ተክሉን አይነቅሉትም፤ ከአፈሩ በላይ በማጭድ ቆርጠው ሥሩን እዚያው ይተዉታል። የነሐሴው ጎመን የሚዘራው እዚያ ላይ ነው።