የምርት ማነቆ፦ ቃሉና ፍቺው

«ቦትልኔክ» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል ጥሬ ፍቺው «የጠርሙስ አንገት» ሲሆን፣ በምርት አመራር ግን በቅደም ተከተል ከሚከናወኑ ሥራዎች መካከል ዐቅሙ ከሌሎቹ ሁሉ ያነሰውን፣ በዚህም የተነሣ የጠቅላላውን ምርት መጠን የሚወስነውን ደረጃ ያመለክታል። የአማርኛ አቻው «አነቀ» ከሚለው ግስ የወጣው «ማነቆ» ነው። የጣርማበርን ስም የሚያውቅ የሰሜን ሸዋ ሰው ተራራን ለሚያሻግር ብቸኛ ማለፊያ የሚነገረውን «በር» ሊመርጥ ይችላል፤ ምስሉም ያምራል፣ ነገር ግን በር መከፈትንም ስለሚያሳስብ ማነቆ ይሻላል። የስብሰባ ቋንቋ ማናቸውንም ችግር ማነቆ እያለ ቃሉን ስላላላው፣ እዚህ «የምርት ማነቆ» ተብሎ ጠበብ እንዲል ተደርጓል።

የመንዝ የሱፍ ሥራ ጽንሰ ሐሳቡን በግልጽ ያሳያል። የበግ ጠጉር ተሸልቶና ተነድፎ በሴቶች እጅ በእንዝርት ይፈተላል፤ ከዚያ ወደ ሸማኔው ደርሶ ባና፣ ዝተት ወይም በርኖስ ይሆናል። የእንዝርት ፈትል አዝጋሚ በመሆኑ፣ በርካታ ፈታዮች ብዙ ቀን የደከሙበትን ድርና ማግ ሸማኔው በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል። ማነቆው ፈትሉ እስከሆነ ድረስ ለሸማኔው ፈጣን መወርወሪያ መስጠት ሸማኔውን ሥራ ያስፈታል እንጂ ባና አያበዛም። በእንግሊዝ አገር ጆን ኬይ እ.ኤ.አ. በ1733 ሽመናን የሚያፋጥን መወርወሪያ በፈጠረ ጊዜ የክር እጥረቱ የባሰው በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ በ1760ዎቹ ጄምስ ሃርግሪቭስ በአንድ ጊዜ ብዙ እንዝርት የሚያሾር መሣሪያ የሠራው ይህንኑ ክፍተት ለመሙላት ነበር።

የኮምፒውተርና የስልክ ቺፕ የሚሠራበት የሴሚኮንዳክተር ፋብሪካ ከዚህ የሚለየው ሥራው ወደ ኋላ ስለሚመላለስ ነው። ዌፈር የሚባለው ስስ የሲሊከን ክብ በመቶዎች የሚቆጠሩ ደረጃዎችን ሲያልፍ፣ ንድፉ በብርሃን ወደሚታተምበት መሣሪያ በአሥሮች ለሚቆጠር ጊዜ ይመለሳል፤ በመሆኑም አዲስ የገባውና ሊያልቅ የተቃረበው በአንድ ወረፋ ይጋፋሉ። እጅግ ረቂቁን ንድፍ የሚያትመውን መሣሪያ የሚሸጠው የኔዘርላንዱ ኤኤስኤምኤል ብቻ ሲሆን፣ የአንዱ ዋጋ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ስለሆነ ሌላ ገዝቶ መጨመር ቀላል አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ማነቆ የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

ኤሊያሁ ጎልድራት እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት «ዘ ጎል» በተባለው መጽሐፍ ያስፋፉት አስተሳሰብ እንደሚለው፣ በማነቆው ላይ የባከነ አንድ ሰዓት የመላው ፋብሪካ የባከነ ሰዓት ነው። ስለዚህ ከማነቆው በፊት ጥቂት ክምችት ይቀመጣል፤ ጉድለት ያለበት ዌፈር የመሣሪያውን ጊዜ እንዳይበላ አስቀድሞ ይለያል፤ አዲስ ሥራም የሚገባው በማነቆው ፍጥነት ልክ ነው። ይህ የመጨረሻው ለሥራ መሪዎች ከሁሉ የሚከብድ ይመስላል፣ ሌላው ማሽን ሥራ ፈትቶ ሲቆም ማየትን ይጠይቃልና። አንዱ ማነቆ ሲሰፋም ሌላው ይተካል፦ እ.ኤ.አ. በ2023 የሰው ሠራሽ አስተውሎት ቺፖችን አቅርቦት ከገቱት ነገሮች አንዱ ቺፖቹን ከማህደረ ትውስታ ጋር አጣምሮ የማሸግ ሥራ ነበር።

እንግዲህ በአንድ ሪፖርት ውስጥ አሥር ማነቆዎች ተዘርዝረው ከተገኙ፣ ለአብዛኞቹ ሌላ ስም ሊፈለግላቸው ይገባል።