የ«ፓኒክ» ስያሜና የኒውዮርክ አስቀማጮች

የእንግሊዝኛው «ፓኒክ» የመጣው ሳይታይ መንጋ ያስበረግጋል ከሚባለው የግሪኮች አምላክ፣ ከፓን ስም ነው። እንግሊዝኛም ቃሉን እንደ ወረርሽኝ ያናግረዋል፤ ፓኒክ «ይዛመታል»፣ ሰውም በፓኒክ «ይመታል»። የዚህ አነጋገር አድልዎ በኒውዮርክ ታሪክ በግልጽ ይታያል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1907 የኦገስተስ ሃይንዝ የመዳብ አክሲዮን ቁማር ከሸፈ። ከእርሱ ወገኖች ጋር በጥቅም ተሳስሯል የተባለው የኒከርቦከር ትረስት ኩባንያ፣ በኦክቶበር 22 ቀን፣ ሦስት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ 8 ሚሊዮን ዶላር ያህል ለአስቀማጮች ከፍሎ መክፈሉን አቆመ። ቀውሱም «የ1907 ፓኒክ» ተባለ፤ ተሰላፊው ድንጉጥ መንጋ ሆኖ ሲቀር ቁማርተኛው ከስያሜው አመለጠ። ይሁንና አስቀማጩ በጥላው አልበረገገም፤ በችግር ጊዜ ለባንኮች የሚያበድር ማዕከላዊ ባንክ በአገሩ አልነበረም። የፌዴራል ሪዘርቭ ሕግ የወጣው በ1913 ነው።