ከካብ እስከ ፌሮ

አማርኛችን ድንጋይ በድንጋይ ላይ ለመደርደር ሁለት ስሞች አሉት። አንዱ ካብ፣ ሁለተኛው ግንብ ነው። ካብ ጭቃም ኖራም ሳይገባበት በድንጋይ ብቻ የሚቆም ሲሆን ግንብ ግን በኖራ ወይም በሲሚንቶ የተያያዘ ነው። ልዩነቱ የስም ብቻ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ዛሬ በተዳፋት ቦታ ላይ ቤት ሠርቶ ግቢውን በድጋፍ ግንብ የሚያስተካክል የከተማ ሰው በየክረምቱ የሚገጥመው ጣጣ ከዚሁ ልዩነት ጋር የተያያዘ ነው። ለመሆኑ ድጋፍ ግንብን የሚጥለው ምንድን ነው?

መልሱን ለማግኘት አስቀድሞ ወደ ኮንሶ መውረድ ያሻል። የኮንሶ ሕዝብ ደረቅና ድንጋያማ ተራሮቹን በካብ እየከረከመ በእርከን ማረስ ከጀመረ ከ400 ዓመት በላይ፣ በትውልድ ሲቆጠርም 21 ትውልድ ሆኖታል። ካቡ በአንዳንድ ሥፍራ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 ይህንን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የእርከኑ ሥራ ሦስት ነው፤ አፈሩን ይይዛል፣ ለሰብሉ የሚበቃውን ውሃ ያስቀራል፣ የተረፈውን ያሳልፋል። ማያያዣ የሌለው ካብ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት ሁሉ ለውሃው በር ነው። እርግጥ ካብ ይናዳል። ሲናድም ባለቤቱ ድንጋዩን ለቅሞ መልሶ ይክበዋል። ጥገናው የኑሮው አንድ ክፍል እንጂ እንደ ውርደት የሚቆጠር አይደለም።

አክሱማውያን ደግሞ ሌላ ብልሃት ነበራቸው። ድንጋዩን በጭቃ እያያዙ ሲገነቡ በየመካከሉ እንጨት ያጋድሙ፣ በግድግዳው ውፍረትም ተሻጋሪ እንጨት ያሳልፉ ነበር። የተሻጋሪው ጫፍ ከግድግዳው ወጣ ብሎ ስለሚታይ «የዝንጀሮ ራስ» ተብሏል። በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን እንጨቱ ራሱ፣ በአክሱም ሐውልቶች ላይ ደግሞ በድንጋይ የተቀረጸው ምስሉ ይታያል። ለተመልካች ጌጥ ቢሆንም ለግንበኛው ግን ማሰሪያ ነበር። ድንጋይ ሲጫኑት ይችላል፤ ሲስቡት ግን ይለያያል። የሚሳበውን የሚይዝለት እንጨቱ ነው።

ይህ ሁሉ በልምድ የተገኘ ዕውቀት ነው። የአፈር ግፊት በስሌት የተያዘው በ18ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ፣ ያውም በምሽግ ሥራ ምክንያት ነው። ኩሎም የተባለው ፈረንሳዊ የጦር መሐንዲስ በካሪብያን በምትገኘው በማርቲኒክ ደሴት ምሽግ ሲያሠራ ዓመታት አሳለፈ። ያስጨነቀው ጥያቄ ዛሬም የማንኛውም ቤት ሠሪ ጥያቄ ነው። ግንቡ ከወፈረ ገንዘብ ይበላል፣ ከሳሳ ይወድቃል፤ ታዲያ ልኩ ስንት ነው? ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1773 ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ያቀረበውና በ1776 የታተመው ጽሑፉ እንዳስረዳው፣ ግንቡን የሚገፋው ከኋላው ያለው አፈር በሙሉ ሳይሆን ለመንሸራተት የተዘጋጀው እንደ ሽብልቅ ያለ ክፋይ ነው። የዚህ ስሌት ውጤት የሚያስደነግጥ ነው። የግንቡ ከፍታ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ፣ ሊገለብጠው የሚታገለው ኃይል ደግሞ ስምንት እጥፍ ይሆናል። አንድ ሜትር ያቆመ ግንበኛ በዚያው አሠራር ሁለት ሜትር አቆማለሁ ሲል የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ብረት መጣ። ሞኒዬ የተባለ ፈረንሳዊ አትክልተኛ የሲሚንቶ ገንዳዎቹ እንዳይሰነጠቁበት የብረት መረብ እየከተተ ሠራና እ.ኤ.አ. በ1867 የፈጠራ መብት አገኘበት። በ1900 ደግሞ ፓልመር የተባለ አሜሪካዊ ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት በሚያመርት መሣሪያ ተመሳሳይ መብት ተሰጠው። እንዲህ ሆኖ ብሎኬት የድንጋዩን፣ ብረት የአግዳሚውን እንጨት ቦታ ያዙ።

ወደ አገራችን ሲገባ ብዙው ነገር ከእነስሙ ገባ። ፌሮ በጣሊያንኛ ብረት ነው። አርማታ የምንለውም ከዚያው ቋንቋ የመጣ ሲሆን «የታጠቀ» እንደማለት ነው፤ ትጥቁ ብረቱ ነው። የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካም በጣሊያን ወረራ ዘመን በድሬዳዋ ተቋቋመ። ከእንጦጦ ግርጌ ተቆርቁራ በወንዞችና በሸለቆዎች መካከል ለተስፋፋችው አዲስ አበባ ይህ አሠራር ትልቅ ሲሳይ ነበር። ሜዳ ያልነበረው ቦታ ሁሉ በግንብ ሜዳ ሆነ።

ታዲያ አሠራሩ እንዴት ነው? ክፍት ብሎኬት እንዲሁ ቢደረደር አፈር አይደግፍም። በቅድሚያ ከመሬት በታች ሰፋ ያለ የአርማታ መሠረት ይጣላል። ስፋቱም ብዙውን ጊዜ ከግንቡ ከፍታ ግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ይደርሳል። ቋሚው ፌሮ ከመሠረቱ ተነሥቶ በብሎኬቱ ክፍተት ይወጣል፣ ክፍተቱም በአርማታ ይሞላል። ፌሮው ወደ አፈሩ በኩል መጠጋት አለበት፤ ግንቡ ሲገፋ የሚሳበው ያ ጎን ነውና። ከጀርባው ጠጠር ይሞላል፣ ከሥሩ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ይዘረጋል፣ በፊቱም ውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ይተዉለታል። ከወገብ በላይ ለሚወጣ ግንብ ደግሞ ስሌቱን መሐንዲስ ይሥራው።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው የመጨረሻው፣ የውሃው ነገር ነው። ውሃው የወጣለት አፈር ወደ ጎን የሚገፋው የክብደቱን ሲሶ ያህል ነው። ውሃ ግን ክብደቱን በሙሉ ይገፋል። ስለዚህ ከግንቡ ጀርባ ውሃ እስከ አናቱ ከተቋጠረ ግፊቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ እንዲሉ፣ በጋውን ያለ እንከን የቆመ ግንብ በክረምት አንድ ሌሊት ይተኛል። ለቀዳዳና ለጠጠር የሚወጣው ገንዘብ ከፌሮው ዋጋ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ሆኖም ከአፈር በታች ስለሚቀበርና ስለማይታይ ሰው ይቆጥበዋል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በዝናብ የራሰ ተራራ ተንዶ ከ200 በላይ ወገኖቻችን አልቀዋል። የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡትም በሁለተኛው ናዳ ተውጠዋል። ያንን ያህል ተራራ የሚያቆም የግቢ ግንብ የለም። ቢሆንም ውሃ የጠገበ አፈር ክብደቱ እንደሚጨምርና መያያዣው እንደሚላላ ያ መከራ አሳይቶናል። በከተማም ቢሆን የላይኛው ግቢ ግንብ ሲወድቅ የሚወድቀው በባለቤቱ ላይ ሳይሆን ከታች በተኛው ጎረቤት ቤት ላይ ነው። የውሃ መውጫ ቀዳዳ የሚተወው እንግዲህ ለዚያ ጎረቤት ሲባል ነው። የወጣው ውሃም በጎረቤት ደጃፍ እንዳይፈስ በቦይ መመራት አለበት፤ አለዚያ ሁለቱ ቤተሰቦች ዕድሜ ልካቸውን ካብ ለካብ ሲተያዩ መኖራቸው ነው።

የኮንሶ ገበሬ ፌሮም ስሌትም አልነበረውም፤ ውሃን ግን መንገድ አልከለከለውም። እኛ ሁለቱንም ይዘን በሩን ከዘጋንበት፣ ጥፋቱ የብሎኬቱ አይደለም።