ጳጉሜን 1878

ከአሰላ ወደ ጭላሎ ሽቅብ ስመለከት 1878 ዓ.ም. ትዝ ይለኛል። በዚያ ዓመት ኅዳር እንግሊዞች ማንዳላይን ይዘው የበርማውን ንጉሥ ቲባውን አጋዙት። ነሐሴ ሲያልቅ የአፓቼው ጄሮኒሞ አሪዞና ላይ ለአሜሪካ ጦር እጁን ሰጠ። ሁለት ቀን ቆይቶ፣ ዕንቁጣጣሽ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ የአርሲ ፈረሰኛ አዙሌ ላይ ጦርና ጋሻ ይዞ የራስ ዳርጌን ጠመንጃ ገጠመ። ለዓመታት የመከተው አርሲ በዚያች ዕለት ክፉኛ ተሰበረ።

በልጅነቴ የዓድዋን ዕለት በቃሌ እወጣው ነበር፤ አዙሌን ግን ከሽማግሌ አፍ እንጂ ከደብተሬ አላገኘኋትም። አኖሌ ላይ ስለተቆረጠው እጅና ጡት በ2006 ዓ.ም. ሐውልት ቆሟል፤ ሙግቱም አልበረደም። የራስ ዳርጌን ስም ማን ያጣዋል? አዙሌ ላይ ከወደቁት ፈረሰኞች ግን የአንዱን እንኳ ስም አላውቅም።