ያቺ ትንሽ በር፦ ለተማሪዎቼ የዘገየ እርማት

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። በተለይ ድሮ አውቶ መካኒክ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ ሳትጨርሱ እንዳትሄዱ። ዕዳ አለብኝ።

ለመስቀል አገና ሄጄ ነበር። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የናፍጣ ሃይሉክስ ፒክአፑን ይዞ ቤት ድረስ መጣ። የተርቦውን ግፊት አስጨምሮ፣ ኮምፒውተሩንም አስነክቶ ጉልበቱን ከፍ አድርጎታል። ግን ጭኖ ከጊቤ ወደ ወልቂጤ ሲወጣ የሙቀት ጌጁ ይጨምርበታል። "ቲቸር፣ አሜሪካኖቹ 71 ዲግሪ ላይ የሚከፍት ቴርሞስታት ነው የሚያስገቡት። እሱን ላስመጣ ወይስ እርስዎ እንዳስተማሩን ጭራሹን ላውልቀው?" አለኝ።

"እርስዎ እንዳስተማሩን" የምትለዋ ልቤን ወጋችኝ። ምክንያቱም እውነቱን ነው። ሰሌዳ ላይ ሥዕሉን ስዬ "ይሄ ለፈረንጅ ብርድ የተሠራ ነው፣ እኛ አገር አያስፈልግም፣ አውልቁት" እል ነበር። ያንን የት እንዳመጣሁትና ለምን እንደተሳሳትኩ ለመናገር ከታሪኩ መጀመር አለብኝ።

ለማታውቁት፦ ቴርሞስታት ማለት ውሃው ከሞተር ወደ ራዲያተር በሚያልፍበት መንገድ ላይ ያለች ትንሽ በር ናት። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ትዘጋለች፣ ሲሞቅ ትከፍታለች።

እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ በ1900 ዓ.ም. ለአፄ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ እንዲህ ያለ ነገር የተለመደ አልነበረም። በዚያ ዘመን በብርድ አገር ያለ ሾፌር ራዲያተሩ ላይ ጨርቅ ጣል አድርጎ ነበር ሞተሩን የሚያሞቀው። በፎርድ ሞዴል ቲ ላይ ደግሞ ውሃው ያለ ፓምፕ፣ የሞቀው ወደ ላይ የቀዘቀዘው ወደ ታች እያለ በራሱ ይዞር ነበር። ካዲላክ ቴርሞስታት የገጠመው እ.ኤ.አ. በ1914 ነው። ዛሬ የምናውቀውን የሰም ቴርሞስታት ደግሞ ሰርጂየስ ቨርኔት የተባለ ሰው በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ፈለሰፈው። በትንሽ የብረት ዕቃ ውስጥ ሰም አለ። ሰሙ ሲቀልጥ ያብጥና በሩን ይገፋል። ኤሌክትሪክ የለው፣ ኮምፒውተር የለው!

አሁን ወደ 71 ዲግሪዋ እንምጣ። ድሮ ፈረንጆቹ በክረምት ውሃው እንዳይበረድባቸው አልኮል ይጨምሩበት ነበር። ሜታኖል በ65 ዲግሪ ይፈላል። ስለዚህ ሞተሩ ብዙ መሞቅ አይችልም፣ ቴርሞስታቱም ዝቅ ባለ ሙቀት መክፈት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1927 ፕሬስቶን በሚል ስም ኢትሊን ግላይኮል ለገበያ ሲወጣ፣ ኋላም ግፊት የሚይዝ የራዲያተር ክዳን ሲለመድ ቁጥሩ ወደ 82 ወጣ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአየር ብክለት ሕግ ሲጠብቅ ደግሞ ብዙ የአሜሪካ መኪና ወደ 90 ተጠጋ። እንግዲህ 71 አዲስ የጉልበት ምስጢር አይደለችም። የአልኮል ዘመን ቁጥር ናት።

ታዲያ የዛሬ አሜሪካኖች ለምን ተመለሱባት? እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2004 ፎርድ ላይትኒንግ የሚባል ሱፐርቻርጀር ያለው ፈጣን ፒክአፕ ሠርቶ ነበር። የቤንዚን ሞተር ነው። የታመቀና የሞቀ አየር ሲበዛበት ቤንዚኑ ያለጊዜው ይነሳና ሞተሩ ይንኳኳል። ቴስታታው ትንሽ ከቀዘቀዘ ግን ማቀጣጠያውን ቀደም አድርጎ ተጨማሪ ጉልበት ማውጣት ይቻላል። ለእነሱ ምክንያት አለው። የኔ ተማሪ መኪና ግን ናፍጣ ነው። ናፍጣ የሚነሳው በሙቀት ነው፣ ሙቀቱን ስትቀንስበት ጉልበት አትጨምርለትም።

"አውልቁት" የሚለው የኛ ትምህርት ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ቴስታታና ፍሪሲዮን የሚሉት የጋራዥ ቃሎቻችን ከጣሊያን እንደመጡ ሁሉ፣ የብዙ ዘመን ጭነት የተሸከመልንም ፊያት 682 ኤን ትሬ ነው። በ1950ዎቹ የጉራጌ ሕዝብ ከኪሱ አዋጥቶ መንገድ ማሠራት ሲጀምር መኪናው ወደ ገጠሩ ገባ። እኔን ያሠለጠኑኝ ጌታዬ የዚያ ዘመን ሰው ነበሩ። ራዲያተር ውስጥ የሚገባው የወንዝ ውሃ ነው፣ ዝገቱ በሯን ያጣብቃታል፣ መለዋወጫ የለም። ተዘግታ የቀረች ቴርሞስታት ሞተር ትገድላለች፣ የሌለች ግን ታቀዘቅዛለች እንጂ አትገድልም። ስለዚህ አወለቁ። ሞኝ አልነበሩም፣ በነበራቸው ዕቃ ትክክለኛውን ነው ያደረጉት።

ጥፋቱ የኔ ነው። መኪናው ተቀይሮ ሳለ ትምህርቱን ሳልቀይር አስተላለፍኩት።

ምን ተቀየረ መሰላችሁ? በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ አለው። የራዲያተሩን መንገድ ሲከፍት፣ ውሃውን ወደ ሞተሩ መልሶ የሚያዞረውን አቋራጭ በታችኛው ሳህኑ ይዘጋል። አውልቃችሁ ስትጥሉት አቋራጩ ክፍት ይቀራል። ትኩሱ ውሃ ራዲያተር ሳይደርስ ተመልሶ ሞተር ይገባል። ይቀዘቅዛል ብላችሁ ያወለቃችሁት ዳገት ላይ ይሞቃል!

ይህን የተማርኩት በሰው ገንዘብ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ሌላ ተማሪዬ በኔ ቃል አውልቆ ቴስታታ አቃጠለ። የዕቁብ ብሩን በላበት፣ መኪናው ሁለት ወር ቆመ። ያኔ "ጋስኬቱ አሮጌ ስለነበር ነው" ብዬ አለፍኩት። ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው፣ ለእሱ ግን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። ይህን ካነበብክ፣ ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝ።

ወደ መስቀሉ እንግዳዬ ልመለስ። "82ቱም 71ዱም ዳገቱ መሃል ስትደርስ ሁለቱም ከፍተው ጨርሰዋል። በሩ መቼ እንደሚከፈት ይለያያል እንጂ ራዲያተርህ አይሰፋም" አልኩት። ከዚያ ክዳኑን አየነው፣ ስፕሪንጉ ሞቷል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በኛ ከፍታ ክፍት ውሃ በ92 ወይም በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ደህና ክዳን ግፊቱን ሲይዝ ግን ከ110 በላይ ይደርሳል። የማራገቢያው ክላችም ደክሟል። ሁለቱን ቀየረ፣ ራዲያተሩን አሳጠበ፣ ኩላንት ሞላ፣ የተርቦውንም ግፊት ትንሽ አስቀነሰ። 82ቷ እዚያው ቀረች። ባለፈው ሳምንት ደውሎ ጊቤን በሰላም መውጣቱን ነገረኝ።

የቤት ሥራ፦ ቴርሞስታት ከመጣላችሁ በፊት ድስት ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር ቀቅሉት። አንድ ነገር ልብ በሉ። የ82ቱ መክፈት የሚጀምረው 82 ላይ ነው፣ ሙሉ በሙሉ የሚከፍተው 95 አካባቢ ነው። አገና ላይ ውሃችሁ ከዚያ በፊት ይፈላል። ስለዚህ ግማሽ ከፍቶ ቢቆም ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትጥሉት።

እናም ልጆች፣ በኔ ቃል ያወለቃችሁት ካለ መልሳችሁ አስገቡ። አብዛኞቻችሁ ዛሬ የራሳችሁ ጋራዥና ረዳቶች አሏችሁ። ለእነሱም "ቲቸር ተሳስቶ ነበር" ብላችሁ ንገሯቸው። አልቀየምም።

ቸር ያሰማን።