ስለ ግንዘትና ስለ ተዝካር

በአባቶቻችን ዘመን ሰው ባረፈ ጊዜ ገናዡ ሬሳውን አጥቦ፥ በነጭ በፍታ ጠቅልሎ በሰሌን ያስረው ነበረ። ይህ ተግባር ግንዘት ይባላል፤ ካህናት የሚደግሙበትም መጽሐፍ ከዚሁ መጽሐፈ ግንዘት ተባለ። ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ባለው መንገድ ሬሳው ሰባት ጊዜ ያርፍ ዘንድ፥ በየማረፊያውም ጸሎት ይደርስ ዘንድ ሥርዓት ነው፤ በመኪና ለሚጓዝ ሬሳ ግን ይህን መፈጸም ያስቸግራል።

መቃብር የሚቆፍረው ጎረቤት፥ ለቅሶተኛውን የሚያበላው ዘመድ ነበረ። ሰው ከየአገሩ ወደ አዲስ አበባ በተሰበሰበ ጊዜ ግን ዘመድ ሩቅ ሆነ፤ ስለዚህ ዕድር ተቋቋመ፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ጊዜና ከዚያም ወዲህ ተስፋፋ። ጥሩምባ ነፊው ሞቱን ይለፍፋል፤ ድንኳኑና ድስቱ ከማኅበሩ ዕቃ ቤት ይወጣል፤ ከቀብር የቀረ አባል መቀጫ ይከፍላል። (መቀጫው ከስብከት ይልቅ የሚያስፈራው ሰው እንዳለ እናውቃለን።)

ተዝካር ግን ዕድር የማይሸከመው ዕዳ ነበረ። ቤተ ክርስቲያን በ40ኛውና በ80ኛው ቀን የምትሻው ጸሎቱን፥ ቅዳሴውንና ለነዳያን የሚሰጠውን ምጽዋት ነው፤ ሰው ግን ይሉኝታን ፈርቶ አገሩን ሁሉ ጠራ። ለአባቱ ተዝካር የጥማድ በሬውን አርዶ፥ ክረምት ሲገባ የሚያርስበት ያጣ ባላገር ጥቂት አልነበረም።